መዳብ የለበሰ የአሉሚኒየም ሽቦ ለአውቶሞቢል

በአውቶሞቢል ውስጥ ኤሌክትሪክን የሚያመላልሰው ሽቦ ከጥንት ጀምሮ የመዳብ ነው። ይሁን እንጂ መዳብ ከባድና ውድ በመሆኑ፥ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ በስስ መዳብ የተለበጠ ሽቦ ገበያ ላይ ከዋለ ቆይቷል። ቆዳውን ለብሶ ሲታይ ከመዳቡ አይለይም፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

በተለመደው ዓይነት ልባጡ ከሽቦው ይዘት 10 በመቶ ያህል ሲሆን፥ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ 65 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 25 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦን ለመተካት ወደ 40 የሚጠጋ ያስፈልጋል። እንዲህ ወፍሮም ክብደቱ ከመዳቡ 60 በመቶ አይደርስም። በአግባቡ ለተጠቀመበት እውነተኛ ጥቅም ነው።

ጉዳቱ በእኩል ውፍረት ሲተካ ነው። ከባትሪ እስከ ሞተሪኖ በተዘረጋ 2 ሜትር ባለ 25 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ 200 አምፔር ቢያልፍ፥ በመዳቡ 0.28 ቮልት ያህል ሲባክን በልባጡ 0.44 ይባክናል። ባትሪው 12 ቮልት ብቻ ነውና፥ ባትሪው በደከመ ጊዜ ይህ ልዩነት ሞተሩን ሊያስነሣም ላያስነሣም ይችላል። ሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከግማሽ በላይ ይጨምራል፤ ፊውዙ ለመዳብ ተለክቶ ከሆነ፥ ሳይቃጠል ሽቦው ሊቃጠል ይችላል።

ዕቃ አስመጪው በትእዛዝ ደብዳቤው ላይ «ንጹሕ መዳብ» ወይም «መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም» ብሎ ለይቶ ሊጽፍ ይገባዋል፤ «የመኪና ሽቦ» ማለት ብቻ ለሻጩ በር መክፈት ነው። ዕቃው ሲደርስም ሚዛን ይፈርዳል፦ ባለ 6 ሚሊሜትር ካሬ 100 ሜትር ሽቦ፥ ሽፋኑ ሳይቆጠር፥ መዳብ ከሆነ 5.4 ኪሎግራም ያህል፥ የተለበጠ ከሆነ 2 ኪሎግራም ገደማ ይመዝናል። ሚዛን የሌለው ባለ ሱቅ አንዱን ክር በቢላዋ ይፋቀው፤ ነጭ ብረት ከታየ ነገሩ ተገልጧል። የውስጡ ብረት አረብ ብረት ከሆነ ግን ማግኔት ይይዘዋል።

በተቆረጠው ጫፍ ላይ ሁለቱ ማዕድናት ለእርጥበት ተጋልጠው ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ ጫፉ በሚገባ መታሸግ ያሻዋል። በበር ማጠፊያ በኩል እያለፈ በየጊዜው ለሚተጣጠፍ ሽቦ ደግሞ አሉሚኒየም ቶሎ ስለሚሰበር፥ ዋጋው ቢወደድም መዳቡ ይመረጣል።