የፊት ጎማ ስንት ሥራ ይችላል? በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና በውድድር ጨዋታ ውስጥ



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። እኔም ልጄ ግራን ቱሪዝሞ የተባለውን የመኪና ውድድር ጨዋታ ከፍታ መሪውን እስካስጨበጠችኝ ቀን ድረስ እንዲያው ይመስለኝ ነበር። የጎማን ጠባይ ለዓመታት ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳውን አውዲ ኳትሮ ይዤ ከአንዲት ኩርባ አምስት ጊዜ ወጣሁ። መሪውን ባጠማዘዝሁ ቁጥር መኪናው ቀጥ ብሎ ይነጉዳል። ይህ ጠባይ አንደርስቲር ይባላል፤ የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ ቀድመው መሬት የመያዝ አቅማቸውን ሲጨርሱ ይፈጠራል።

ምክንያቱን እንመልከት። የአንድ ጎማ አቅም የተወሰነ ነው፤ ለመጎተትም፣ ለማቆምም፣ ለማዞርም የሚከፈለው ከዚያው ካዝና ነው። ስሌቱ ግን ተራ መቀነስ ሳይሆን የፓይታጎረስ ነው። ጎማው ከአቅሙ 80 በመቶውን ለመጎተት ቢያውል ለማዞር 60 በመቶ ይቀረዋል፤ ለመጎተት የሚያውለው ወደ 60 ዝቅ ቢል ለማዞር የሚቀረው ወደ 80 ከፍ ይላል። በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና የፊት ጎማዎች ሁለቱንም ሥራ ይሸከማሉ። በዚያ ላይ ነዳጅ ስንሰጥ ጭነቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። በ1980 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው ኳትሮ ደግሞ ሞተሩ ከፊት አክስል ቀድሞ የተቀመጠ በመሆኑ አፍንጫው ከባድ ነው።

መድኃኒቱ ከነጂው ይጀምራል። ወደ ኩርባው ፍጥነት ቀንሶ መግባት፤ ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መሪው እየዞረ ሲሄድ ቀስ በቀስ መልቀቅ፤ ያኔ ጭነቱ በፊት ጎማዎች ላይ ይቆያል። ነዳጅ የሚሰጠው አፍንጫው ወደ መውጫው ከዞረ በኋላ ነው።

ይህ ካልበቃ ወደ መኪናው ማስተካከያ እንሄዳለን። አንደኛ፣ ጨዋታው ከፈቀደ የሞተሩን ጉልበት በብዛት ወደ ኋላ ማዞር፤ ለምሳሌ 30 በመቶ ለፊት፣ 70 በመቶ ለኋላ። ሁለተኛ፣ የፊቱን አንቲ ሮል ባር ማላላት ወይም የኋላውን ማጠንከር። የጎማ አቅም ጭነት በጨመረ ልክ አይጨምርም፤ ስለዚህ ጭነቱን ተቀራርበው የተካፈሉ ሁለት ጎማዎች፣ አንዱ ተጨፍልቆ ሌላው ከተንሳፈፈባቸው ይልቅ አጥብቀው ይይዛሉ። ባሩን ስናላላ የፊቶቹን ወደዚህ እኩልነት እናቀርባቸዋለን። ሦስተኛ፣ የፊት ዲፈረንሻል ነዳጅ ሲሰጥ የሚቆለፍበትን መጠን መቀነስ፤ በኩርባ ላይ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ፈጥኖ መዞር አለበትና።

አደራ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትለውጡ። አንዱን ለውጡ፣ ሦስት ዙር ንዱ፣ መዝግቡ። ከልክ ካለፈ የኋላው ይከዳችኋል፤ መኪናውም ይሾራል።

አሁን ይህን ርእስ የመረጥሁበትን ምክንያት ልናገር። ከዓመታት በፊት፣ በክረምት፣ ከእንጦጦ ቁልቁል ስወርድ እርጥብ ኩርባ ላይ መኪናዬ መሪ አልታዘዝ አለ። እኔም መሪውን አብዝቼ አጠማዘዝሁ፤ ቦይ ውስጥ ገባን። ልጄ አጠገቤ ነበረች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከድንጋጤ በቀር አልተጎዳችም። በሰሌዳ ላይ የማውቀውን እጄ አያውቀውም ነበር። ያንኑ ስሕተት አምስት ጊዜ የደገምሁት፣ ጉዳት በሌለበት ስፍራ፣ ከዚያችው ልጅ ጎን ተቀምጬ ነው።

በመንገድ ላይ እንደ ተወዳዳሪ አትንዱ፤ ከኩርባው በፊት ፍጥነት ቀንሱ። ድንገት ቢያጋጥማችሁ ግን እግራችሁን ከነዳጁ ቀስ ብላችሁ አንሡ፣ መሪውንም ጥቂት መልሱ። የደከመ ጎማ ተጨማሪ ትእዛዝ አይሰማም፤ ሸክሙ ሲቀልለት ግን ይታዘዛል።