የመሪ ላይ ቁልፍ ለአሮጌ ፒክአፕ፦ ዕቃው ርካሽ፣ ሥራው ውድ

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔ ወይም በዶዮገና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት፣ ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት የሚሻሙበት ነው። በዚህ መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ፒክአፕ ሾፌር የቴፑን ድምፅ ለመቀነስ ለሁለት ሰከንድ ብቻ ዓይኑን ወደ ዳሽቦርዱ ቢመልስ፣ መኪናው መንገዱን ሳያይ 33 ሜትር ያህል ይጓዛል።

በመሪ ላይ የሚገጠሙት የቴፕ መቆጣጠሪያ ቁልፎች የተሠሩት ይህን ለማስቀረት ነው። ሾፌሩ እጁን ከመሪው ሳያነሳ በአውራ ጣቱ ድምፅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ቴፑ ብሉቱዝ ካለው ስልክም ያነሳል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ከፋብሪካ የሚመጡት እነዚህ ቁልፎች ለአሮጌ ፒክአፕም ሊጨመሩ ይችላሉ። ሆኖም ወጪውም ሆነ አደጋው እንደ መኪናው ዓይነት በእጅጉ ይለያያል።

አሮጌውን ማደስ ለምን ተመረጠ?

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ብዙ ዓመት ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚህም የተነሳ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆና አድሶ መያዝ አዋጭ ሆኗል። ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄዱ ልጆች የሚላከው ገንዘብ ቤት መሥሪያ፣ የንግድ መነሻና የመኪና መግዣ በሆነባቸው የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ፒክአፕ የቤተሰብ ጥሪት ነው። በጥሪት ላይ የሚሠራ ስህተትም ለቤተሰቡ ይተርፋል።

ቁልፉ እንዴት ይሠራል?

አሠራሩ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጀርባ የተለያየ መጠን ያለው ሬዚስተር አለ። ቴፑ በሽቦው ላይ ጥቂት ቮልት ይልካል። ቁልፍ ሲጫን ቮልቱ እንደ ሬዚስተሩ መጠን ዝቅ ይላል፤ ቴፑም ያንን አይቶ የታዘዘውን ይለያል። ስለሆነም ስድስት ቁልፍ ስድስት ሽቦ አያስፈልገውም፤ አንድ ወይም ሁለት የምልክት ሽቦና አንድ የኔጌቲቭ ሽቦ ይበቃዋል። ብዙዎቹ ባለ ስክሪን ቴፖች ከኋላቸው «ኪ 1» እና «ኪ 2» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሽቦዎች አሏቸው። ገዢው ቴፑን ከመክፈሉ በፊት እነዚህ መኖራቸውን ማየት ይኖርበታል። ሽቦው ከተገናኘ በኋላ የእያንዳንዱን ቁልፍ ተግባር ቴፑን ማስተማር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ችግሩ መሪ የሚዞር መሆኑ ነው። ተራ ሽቦ ቢዘረጋበት ተጠምዝዞ ይበጠሳል። ለዚህ ሲባል ከመሪው ሥር እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ገመድ ይቀመጣል፤ ስፓይራል ኬብል ይባላል። ክላክሱም ኤርባጉም የሚያልፉት በዚሁ ገመድ ነው።

ሦስት ዓይነት መኪና፣ ሦስት ዓይነት ወጪ

አንደኛው፣ ከፋብሪካ የመሪ ቁልፍ ኖሮት ባለቤቱ ቴፑን ሲቀይር ቁልፉ የሞተበት መኪና ነው። ለዚህ የሚገዛ ዕቃ ያን ያህል የለም፤ ከመሪው የሚመጡትን ሽቦዎች ለይቶ ከአዲሱ ቴፕ ጋር ማገናኘት ነው። ወጪው ከሁሉም ያነሰ ነው።

ሁለተኛው፣ ኤርባግ የሌለውና በመሪው ውስጥ የክላክስ መስመር ብቻ ያለው የቀድሞ ሞዴል ነው። ለዚህ የሚስማማው በመሪው ላይ የሚታሰር፣ በሳንቲም ቅርጽ ባትሪ የሚሠራ ገመድ አልባ መቆጣጠሪያ ነው። መቀበያው ከቴፑ ጋር ይገናኛል፤ መሪው አይፈታም። ባትሪው በየጊዜው መቀየሩና ማሰሪያው መላላቱ ግን አይቀርም። በመታጠፊያ ላይ ጣት የሚያደናቅፍ ቦታ ላይ ማሰርም ተገቢ አይደለም።

ሦስተኛው፣ ኤርባግ ያለው ነገር ግን ቁልፍ የሌለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2015 ከተሠሩትና «ቪጎ» ከሚባሉት ሃይሉክሶች መካከል እንዲህ ያሉ አሉ። እዚህ ቁልፉ ከሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና ቢገኝም ሥራው አያልቅም። ስፓይራል ኬብሉ የቴፕ መስመር ከሌለው እሱም መቀየር አለበት። መሪው ይፈታል፤ ኤርባጉም ይነሳል። ውዱ ሥራ ይኸው ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው

ኤርባግ በኤሌክትሪክ የሚለኮስ ነገር ነው። የቶዮታ የጥገና መመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ከተነቀለ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ እንዲጠበቅ ያዛል። በቢጫ ማገናኛዎች ላይ የመፈተሻ አምፖልም ሆነ ቴስተር ማሳረፍ አይገባም። ገመዱ ሲገጠም የፊት ጎማዎች ቀጥ ብለው፣ ገመዱም በልኩ መሐል ላይ መሆን አለበት። ካልሆነ መሪው እስከ ጫፍ በዞረበት ቀን ይበጠሳል፤ ክላክሱ ዝም ይላል፣ ኤርባጉም በግጭት ጊዜ ላይከፈት ይችላል። ይህ ገመድ ቀላል ነገር አለመሆኑን አምራቹም ያውቃል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 በዓለም ዙሪያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ለጥገና ሲጠራ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ስፓይራል ኬብሉ ተጎድቶ ኤርባጉን ከሥራ ውጪ ሊያደርግ መቻሉ ነበር። ሃይሉክስም ከተጠሩት መካከል ነበር።

ለባለንብረቱ ቀላሉ መመዘኛ የኤርባግ ጠቋሚ መብራት ነው። የሞተሩ ቁልፍ ሲከፈት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ሥራው ተበላሽቷል። ከናካቴው ካልበራ ደግሞ ችግሩን ለመደበቅ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ ፒክአፕ የሚገዛ ሰውም ከደላላው ጋር ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ይህንኑ ቢያይ ይጠቀማል።

ከሽያጭ አኳያ ሲታይ ገዢ ፒክአፕ የሚመዝነው በሞተሩ፣ በካምቢዮውና በሻንሲው ነው። የመሪ ቁልፍ ዋጋ ያስጨምራል ተብሎ የሚገጠም አይደለም፤ የተበላሸ ኤርባግ ግን ዋጋ ያስቀንሳል። ስለዚህ ሦስተኛው ዓይነት መኪና ያለው ሰው ኤርባግ የሚያውቅ ባለሙያ እስኪያገኝ ድረስ መሪው የማይፈታበትን ገመድ አልባውን ቢመርጥ ይሻለዋል። የኤርባጉን መሸፈኛ ሳይጋርድ መታሰር እንዳለበት ግን መዘንጋት የለበትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈነዳ ኤርባግ ግን ተለቅሞ አይመለስም።