«ዝፍዝፍ ቡና» እና «ንክኪ»፦ በቡናና በቡና ቁርስ ዙሪያ ስለሚያስፈልጉ ስያሜዎች የቀረበ ማብራሪያ

ቡናን ሳያፈሉ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የማዘጋጀት ዘዴና ስለ አለርጂ ማስጠንቀቂያ የያዙ እሽግ ምግቦች፣ የተረጋጋ የአማርኛ ስያሜ ሳያገኙ ወደ ከተሞቻችን ከገቡት ነገሮች መካከል ናቸው። ሁለቱን በአንድ ጽሑፍ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በምዕራብ ሸዋ፣ ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደር እስከ ጌዶና ባኮ ባሉት ከተሞች፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ ቡና ብቻውን አይቀርብም፤ የቡና ቁርስ ይከተለዋል። ቁርሱ ጥንት ከቤት የሚወጣ ቆሎ፣ ዳቦ ወይም ፈንዲሻ ነበር፤ ዛሬ ግን ብስኩቱና የታሸገው ቆሎ ከሱቅ ይመጣል። ቆሎውን የቆላችው እናት ምን እንደ ጨመረችበት ብትጠየቅ ትመልሳለች፤ እሽጉ ግን መልስ የሚሰጠው በላዩ በታተመው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ ቢያሻማ ጉዳቱ በሚበላው ሰው ላይ ይወድቃል።

ሀ. «ጠመቀ» ወይስ «ዘፈዘፈ»?

የመጠጡ የእንግሊዝኛ ስም በእኛ ፊደል «ኮልድ ብሩ» ተብሎ ይጻፋል። «ብሩ» የተባለው ቃል በእንግሊዝኛ ቢራ መጥመቅንም፣ ሻይና ቡና ማፍላትንም በአንድነት ያመለክታል። አማርኛ ግን እያንዳንዱን ሥራ በየራሱ ግሥ ለይቶ ይጠራል፤ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ቡና ይፈላል። በዚህ ምክንያት «በቀዝቃዛ የተጠመቀ ቡና» የሚለው ትርጕም አንባቢውን ወደ ጌሾና ወደ ብቅል ይመራዋል። በዚህ ዘዴ የሚዘጋጀው ቡና ግን አይብላላም፤ አልኮልም የለበትም። በሃይማኖቱ ወይም በጤናው ምክንያት አልኮል የማይቀምስ ሰው በስሙ የተነሣ ብቻ እንዲሸሸው የሚያደርግ ስያሜ ጥሩ ስያሜ አይባልም። «ማፍላት»ም አይሆንም፤ እሳት የለምና።

«ቀዝቃዛ ቡና» የሚለውስ? ይህ የሚናገረው ስለ መጠጡ ሙቀት እንጂ ስለ አሠራሩ አይደለም፤ ፈልቶ በበረዶ የቀረበውንም ያካትታል። «የቀዘቀዘ ቡና» ደግሞ በቋንቋችን ነቀፌታ ነው፤ ለእንግዳ ቶሎ ሳይቀዳ የቀረ ቡና ማለት ይሆናል።

ሥራውን በትክክል የሚገልጸው ግሥ «ዘፈዘፈ» ነው። ባቄላ ይዘፈዘፋል፤ ልብስ ይዘፈዘፋል፤ በጎጃም ግብጦ ምሬቱ እስኪለቀው ድረስ ለቀናት በውሃ ይዘፈዘፋል። «ነከረ»ም ይቀርበዋል፤ ነገር ግን ዳቦ በሻይ ሲነከር እንደምናየው «ነከረ» አጭር ጊዜን ሊያመለክት ይችላል፤ «ዘፈዘፈ» ግን ጥሎ መቆየትን፣ ማሳደርን ይጨምራል። ስለዚህ «ዝፍዝፍ ቡና» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «ተዘፍዝፎ ተቀመጠ» ሲባል ቃሉ ሰነፍን ለመንቀፍ እንደሚያገለግል አንዘነጋም፤ ይሁን እንጂ ይህ ዘይቤ ለሰው የሚነገር በመሆኑ በመጠጥ ስም ላይ ማሻማት አያመጣም።

ለ. አዘገጃጀቱና የሙያው ቃላት

ለአንድ ቤተሰብ 100 ግራም የተቆላ ቡና ለ800 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃል። ቡናው መላም የለበትም፤ እንደ ቅንጬ እህል መሸርከት አለበት። «ሽርክት» የሚለው የወፍጮ ቤት ቃል ለዚህ ተስማሚ ነው። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ግን አብዛኛውን ጊዜ ይልማል፤ የላመ ቡና መጠጡን ያደፈርሰዋል፤ ለማጥለልም ያስቸግራል። ሽርክቱ በንጹሕ የብርጭቆ ዕቃ ተደርጎ ውሃው ይጨመርበታል፤ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ተከድኖ ከተዘፈዘፈ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ዝፍዝፉ በእሳት ስለማያልፍ ተህዋስያንን የሚገድል ሙቀት አያገኝም፤ ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ የጠለለውም መጠጥ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ በሦስት ቀን ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል።

እዚህ ላይ አምቦን በተለይ የሚመለከት የቃል ችግር አለ። ከከተማዋ ፍልውሃ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚወጣው የማዕድን ውሃ ስም ከመጠሪያነት አልፎ የወል ስም ሆኗል፤ በብዙ ከተሞች «አንድ አምቦ» ያለ ሰው ጋዝ ያለውን ማንኛውንም ውሃ ሊያመጡለት ይችላሉ። ስለዚህ «በአምቦ ውሃ ይዘፍዘፉት» የሚል መመሪያ አምቦ ውስጥ ሲነበብ የቧንቧውን ነው ወይስ የጠርሙሱን? መልሱ ለጣዕሙ ወሳኝ ነው፤ የማዕድን ውሃው በውስጡ የሟሟው ጨው የቡናውን ኮምጣጣነት ስለሚያጠፋ ጣዕሙን ያደበዝዘዋልና። መመሪያ ጸሐፊዎች «ጋዝ የሌለው ውሃ» ብለው ቢጽፉ ይሻላል።

ከጀበና ቡና ጋር የሚመጡት አቦል፣ ቶናና በረካ ለዝፍዝፍ ቡና አያገለግሉም፤ እነዚህ የአንዱን ቡና ተደጋጋሚ መፍላት የሚቈጥሩ ናቸው፤ ዝፍዝፍ ግን አንድ ጊዜ ተጠልሎ አተላው ይጣላል። በመጨረሻም «ያልፈላ ስለሆነ ቀላል ነው» የሚለው አስተሳሰብ መታረም አለበት። ካፌይን በቀዝቃዛ ውሃም በረጅም ሰዓት ይሟሟል፤ የመጠጡ ብርታት የሚወሰነው በዋናነት በቡናው መጠን ነው።

ሐ. «አይስማማኝም» የሚሸፍነው ልዩነት

ወደ ቁርሱ ስንመጣ የመጀመሪያው እንቅፋት «አይስማማኝም» የሚለው ለስላሳ አነጋገር ነው። ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚነፋው ሰውም፣ ኦቾሎኒ ቀምሶ ከንፈሩ የሚያብጠውና ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅም በአንድ ቃል «አይስማማውም» ይባላሉ። በመጀመሪያው ሰው ላይ የሚታየው የወተትን ስኳር የመፍጨት ችግር ነው፤ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። በሁለተኛው ላይ የሚታየው ግን ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት ኃይል ያለ አግባብ የሚቈጣበት ሁኔታ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መድረስን ይጠይቃል። በስንዴና በገብስ ግሉተን ሳቢያ አንጀትን የሚጎዳው የሴልያክ በሽታ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ነገር ነው።

ስለዚህ «አለመስማማት» ለመጀመሪያው ብቻ እንዲቈይ፣ «አለርጂ» የሚለው በሕዝቡ ዘንድ የተለመደው የውሰት ቃል ለሁለተኛው እንዲጸና እንሻለን። አለርጂን የሚያስነሣውን ምግብ «አለርጂ ቀስቃሽ» ብንለው ይሻላል። «በሽታ አምጪ» ከሚለው በመነሣት «አለርጂ አምጪ» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ምግቡ ለሌላው ሰው ጤናማ ስለሆነ በተህዋስያን አጠራር መጥራት ተገቢ አይመስለንም።

መ. «ለውዝ»፣ «ቅቤ»፣ «ወተት»

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው «ለውዝ» ነው። ቃሉ በዐረብኛ የዛፍ ፍሬ ስም ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ ዛፍ ያመለክታል። በከተማ አማርኛ ግን «ለውዝ» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው ኦቾሎኒን ነው። ኦቾሎኒ ደግሞ በአፈር ውስጥ የሚያፈራ፣ ከባቄላና ከአተር ወገን የሆነ ጥራጥሬ ነው። ለአንዱ አለርጂ ያለበት ሰው ለሌላው ላይኖረው ይችላል፤ ሁለቱም ያለበት ሰውም አለ። የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የኮዴክስ የእሽግ ምግብ ገላጭ ጽሑፍ ደረጃ ኦቾሎኒንና የዛፍ ፍሬዎችን በተለያየ ረድፍ የሚዘረዝረው በዚህ ምክንያት ነው። በእሽግ ላይ «ለውዝ አለበት» ብሎ ማተም እንግዲህ ግማሽ ማስጠንቀቂያ ነው። በገላጭ ጽሑፍ «ኦቾሎኒ» ለጥራጥሬው ብቻ፣ «የለውዝ ዛፍ ፍሬ» ለዛፉ ፍሬ ብቻ እንዲጻፍ እናሳስባለን።

«የለውዝ ቅቤ» በሚለው ስም ችግሩ ይደራረባል፤ ከላም የወጣ ቅቤ የለበትምና። የወተት አለርጂ ያለበት ሰው በከንቱ ይሸሸዋል፤ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ግን ሊሳሳት ይችላል። አጠራሩ ስለ ሰረጸ «የኦቾሎኒ ቅቤ» ተብሎ እንዲታረም ብቻ እንጠይቃለን። «የአኩሪ አተር ወተት»ም እንዲሁ ነው፤ የላም ወተት ለማይጠጣው ቢመችም ለአኩሪ አተር አለርጂ ላለበት ሰው አደጋ ነው። በአንጻሩ ቅቤ በስም ሳይጠራ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በኦሮሞ ባህል የሚቀርበው «ቡና ቀላ» በቅቤ የሚዘጋጅ ነው፤ ስሙ ግን ቡናን ብቻ ይናገራል። የወተት አለርጂ ያለበት እንግዳ መጠየቅ ይገባዋል።

ሠ. «የጾም» የሚለው ቃል ድንበር

በአገራችን የወተትና የእንቁላል አለርጂ ላለበት ሰው ቤተሰብ ሳይወዱ በግድ የሚመራበት አንድ ነባር ምልክት አለ፤ እርሱም «የጾም» የሚለው ቃል ነው። የጾም ብስኩት፣ የጾም ኬክ ሲባል ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አልገባበትም ማለት ነው። ምልክቱ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ድንበር አለው። አንደኛ፣ ስለ ስንዴ፣ ስለ ኦቾሎኒ፣ ስለ ሰሊጥና ስለ አኩሪ አተር የሚናገረው ነገር የለም፤ እንዲያውም የእንስሳ ተዋጽኦ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚተኩት እነዚህ ናቸው። ሁለተኛ፣ «የጾም» የሚለው ቃል ወደ ምግቡ ስለ ገባው ነገር እንጂ ምግቡ ስለ ነካው ዕቃ አይናገርም። ትላንት የወተት ብስኩት በወጣበት ማሽን ዛሬ የጾም ብስኩት ቢወጣበት ለጾመኛው ጾም ነው፤ ለአለርጂ ግን ቅንጣት ቅሪት ይበቃል። ለአንዱ ዓላማ የጸና ቃል ለሌላው ዓላማ ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ረ. «አለበት»፣ «ያልገባበት»፣ «የሌለበት»

አማርኛ እዚህ ላይ ባለጸጋ ነው። «ወተት ያልገባበት» ሠሪው አልጨመረም ማለት ነው፤ «ወተት የሌለበት» ግን በምርመራ ሊረጋገጥ የሚገባ ቃል ነው። እነዚህን ማቀላቀል ያልተመረመረውን እንደ ተመረመረ ማስመሰል ይሆናል። ለምሳሌ በኮዴክስ ደረጃ «ከግሉተን ነጻ» ሊባል የሚችለው በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን ያለበት ምግብ ነው። ጤፍ በተፈጥሮው ለሴልያክ ሕመምተኛ የሚጎዳው ግሉተን የለበትም፤ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር የተቀላቀለ ወይም በአንድ ወፍጮ የተፈጨ የጤፍ ዱቄት ግን ከዚህ ስም ውጭ ሊሆን ይችላል።

በውጭ አገር እሽጎች ላይ «የ... ዱካ ሊኖርበት ይችላል» እየተባለ የሚተረጐመው ማስጠንቀቂያ ለብዙ አንባቢ ግልጽ አይደለም፤ ዱካ በአማርኛ የእግር ምልክት ነውና። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ሁሉም የለመደው «ንክኪ» የሚለው ቃል ለዚህ ዝግጁ ነው። «በንክኪ ኦቾሎኒ ሊኖርበት ይችላል» ቢባል የአምቦም ሆነ የጌዶ ባለሱቅ ሳያስተረጕም ይረዳዋል። ቃሉ በወፍጮ ቤትም ይሠራል፤ ከስንዴ በኋላ የተፈጨ ሽሮ «ንክኪ አለበት» ይባላል።

የማስጠንቀቂያ ዝርዝሮችም ከአገር አገር ይለያያሉ። ሰሊጥ በአሜሪካ እሽጎች ላይ በግዴታ መጻፍ ያለበት እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት 14 ዓይነቶችን ሲዘረዝር ሰሊጥንና ከግብጦ ወገን የሆኑትን ጥራጥሬዎች ይጨምራል። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ለግብጦም ሊቈጣ ስለሚችል ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በዝርዝሩ ላይ ስም አለመኖሩ እንግዲህ በምግቡ ውስጥ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ የይዘቱን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ያስፈልጋል።

ሰ. የቀረቡት ስያሜዎች በአጭሩ

1. ዝፍዝፍ ቡና፦ ሳይፈላ በቀዝቃዛ ውሃ ለብዙ ሰዓት ተዘፍዝፎ የጠለለ ቡና።
2. ሽርክት ቡና፦ ሳይልም የተፈጨ ቡና።
3. አለመስማማት፦ ምግብን የመፍጨት ችግር፤ ከአለርጂ የተለየ።
4. አለርጂ ቀስቃሽ፦ አለርጂን የሚያስነሣ ምግብ ወይም የምግብ ክፍል።
5. ያልገባበት፦ ሲሠራ ያልተጨመረበት።
6. የሌለበት፦ አለመኖሩ በምርመራ የተረጋገጠ።
7. በንክኪ ሊኖርበት ይችላል፦ ባይጨመርም ከዕቃ፣ ከማሽን ወይም ከወፍጮ ሊደርስበት የሚችል።
8. ኦቾሎኒ፦ ጥራጥሬው ብቻ። የለውዝ ዛፍ ፍሬ፦ የዛፉ ፍሬ ብቻ።

በምዕራብ ሸዋ አብዛኛው ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ስለሆነ፣ እነዚህ ስያሜዎች በእሽግ ላይ ብቻቸውን መቆም የለባቸውም። ወተት «ኣነን»፣ እንቁላል «ሀንቃቁ»፣ ስንዴ «ቀመዲ»፣ ገብስ «ገርቡ» መባላቸውን የሚያውቅ አምራች ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን ማተም አይከብደውም። የኦሮምኛ ሙያተኞች «ንክኪ»ንና «ያልገባበት»ን በራሳቸው ቋንቋ በምን ቃል እንደሚለዩ ቢጽፉልን፣ የአምቦና የአካባቢዋ አንባብያንም በወፍጮ ቤትና በገበያ የሚሰሟቸውን ሌሎች ቃላት ቢልኩልን፣ ዝርዝሩን አርመን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።