ሲናጥ የሚተነፍስ ከረጢት

ስለ ሕዋስ ማሳደጊያ ከረጢት ባወራሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የእንስሳት ሕዋስ እንደ ባክቴሪያ ጠንካራ ግድግዳ የለውም፤ ሲንጡት አይሞትም እንዴ?»

አይሞትም። ይልቅ የሚፈጀው አረፋ ነው። በተለመደው የማይዝግ ብረት ታንክ አየር ከሥር ይነፋል፤ ሕዋሳቱ ከአረፋው ጋር ተጣብቀው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ አረፋው ሲፈነዳ ይበጣጠሳሉ። ፕሉሮኒክ የሚባለው ማለስለሻ ፈሳሹ ውስጥ የሚጨመረውም ከዚህ እንዲያድናቸው ነው። ከረጢቱ ግን በፈሳሹ ገጽ ስለሚተነፍስ አረፋ አያስፈልገውም። አየር የጠገበ አንድ ሊትር ውኃ በ37 ዲግሪ የሚይዘው ኦክስጅን 7 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ሕዋሳቱ ቶሎ ይጨርሱታል። ስለዚህ ፈሳሹ እየተናጠ ገጹ ሳያቋርጥ መታደስ አለበት።

ዕቃው ራሱ ቀላል ነው፤ በጨረር የጸዳ፣ አንዴ አገልግሎ የሚጣል ፕላስቲክ፣ ከሥሩ የሚንጥ ማሽን።

ጋምቤላ፣ ኢታንግ፣ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ አካባቢ በቅል ወተት የሚንጡ አንዲት የኑዌር እናት አግኝቼ፣ ቅሉን ለምን እንደማይሞሉት በአስተርጓሚ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ከሞላ በምን ቦታ ይናጣል?» አሉኝ። «ምርት ይብዛልን» እያሉ ከረጢቱን እስከ አፉ የሚሞሉ ባለሙያዎች ይህን ቢሰሙ ደስ ባለኝ! የሞሉት ፈሳሽ የሕዋሳቱን መተንፈሻ ቦታ ነው የሚወስደው።

ዕቃውን ወደ ትልቅ መጠን ማሳደጉ ላይ ነው ጣጣው። ዕቃው በሁሉም ጎኑ እጥፍ ሲሆን ይዘቱ 8 እጥፍ፣ ገጹ ግን 4 እጥፍ ብቻ ያድጋል፤ ለእያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው ገጽ በግማሽ ይቀንሳል። ስዊዘርላንድ ሎዛን የነበረው የፍሎሪያን ዉርም ቡድን ከ50 ሚሊ ሊትር ቱቦ ተነሥቶ 200 ሊትር ዕቃ ድረስ የዘለቀው የንጠቱን ስፋትና ፍጥነት ከዕቃው መጠን ጋር እያስማማ ነው። በትንሹ ቱቦ የሠራውን ፍጥነት እንዳለ ወደ ትልቁ መገልበጥ ስንፍና ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የእንስሳት ክትባት የሚመረተው እ.ኤ.አ. በ1964 በተቋቋመው የቢሾፍቱው ብሔራዊ ተቋም ነው። ለክትባት የሚያገለግል ሕዋስ ሁሉ ግን ለከረጢት አይመችም። ከጦጣ ኩላሊት የተገኘው ቬሮ ተለጥፎ ማደግ ይወዳል፤ ከረጢት ውስጥ ካስገቡት የሚለጠፍባቸው ጥቃቅን ዶቃዎች ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አፋርና ደቡብ ሱዳን ላይ ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት ቆይቶ ይሰጥ የነበረው ሙቀት ቻይ የከብት ደስታ በሽታ ክትባት በዚሁ ሕዋስ ላይ የተሠራ ነው፤ ደስታም እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ለአፍተግር ክትባት የሚያገለግለው ቢኤችኬ የተባለ ሕዋስ ግን ተንሳፍፎ ማደግን ይለምዳል፤ ከረጢቱ የሚስማማው ለእሱ ነው።

እርግጥ ከረጢቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ፣ አንዴ አገልግሎ የሚጣል ነው። የእንፋሎት ማመንጫና የማጠቢያ ውኃ ግን አይጠይቅም። ለአፍተግር ክትባት ሕዋስ ማባዛት የሚጀምር አገር፣ ትልቅ የብረት ታንክ ከመግዛቱ በፊት ከረጢቱን ይሞክር።