ከአየር ማዳበሪያ የሚሠራው አልጌ

እስቲ በረጅሙ ተንፍሱ! ወደ ሳንባችሁ ከገባው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ሰውነታችን ፕሮቲንና ዲኤንኤ ለመሥራት ናይትሮጅን የግድ ያስፈልገዋል። ታዲያ ለምን ከአየሩ አንወስደውም? በአየር ውስጥ ያሉት የናይትሮጅን አተሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት ጠንካራ ኬሚካዊ ትስስሮች ስለተቆላለፉ ነው። ይህን ቁልፍ የሚፈታው ናይትሮጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ የኢንዛይሙ ዘረመል ያላቸው ደግሞ አንዳንድ ባክቴሪያዎችና አርኪያ የሚባሉ ደቂቅ ፍጥረታት ብቻ ናቸው። እንስሳት የላቸውም፣ ዕፅዋት የላቸውም፣ አረንጓዴ አልጌዎችም የላቸውም።

"ባቄላስ?" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ገበሬዎች ባቄላን ከስንዴ ጋር የሚያፈራርቁት መሬቱን ስለሚያዳብር ነው። ሥራውን የሚሠሩት ግን በባቄላው ሥር እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው።

አሁን ወደ ባሕር እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1998 ጆናታን ዜር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ውስጥ ናይትሮጅን ሠሪ የሆነ የማይታወቅ ባክቴሪያ ዲኤንኤ አገኙ። በኋላ እንደታወቀው ባክቴሪያው የሚኖረው ብራሩዶስፌራ ቢገሎዊ በተባለ ባለ አንድ ሴል አልጌ ውስጥ ነው። አልጌው ከአረንጓዴዎቹ ወገን ባይሆንም እንደነሱ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል። ባክቴሪያው ግን ይህን ችሎታ አጥቷል። ስለዚህ አልጌው ስኳር ይሰጠዋል፣ እሱ ናይትሮጅን ይመልስለታል።

አልጌውን ላብራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ቀላል አልነበረም። ጃፓናዊቷ ኪዮኮ ሃጊኖ ከአስር ዓመት በላይ ለፍተው ነው የተሳካላቸው። ከዚያ አንድ አስገራሚ ነገር ታየ፦ አልጌው ለሁለት ሲከፈል "እንግዳውም" አብሮ ይከፈላል። ከፕሮቲኖቹ ብዙዎቹንም ራሱ አይሠራም፤ ከአልጌው ነው የሚቀበለው። በ2024 ተመራማሪዎቹ "ይኼማ እንግዳ ሳይሆን የሴሉ አካል ነው" ብለው ናይትሮፕላስት አሉት። ሚቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስትም እኮ በጥንት ዘመን ባክቴሪያዎች ነበሩ!

ነገሩ ለእኛ ምን ይጠቅማል? ዩሪያን የመሰለ ማዳበሪያ ለማምረት ፋብሪካዎች ከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ይጠቀማሉ፤ ብዙ የተፈጥሮ ጋዝም ይፈጃሉ። ማዳበሪያ ሲወደድ ደግሞ የሚጎዳው ገበሬው ነው። ስንዴ የራሱ ናይትሮፕላስት ቢኖረውስ? መንገዱ ገና ሩቅ ነው። ግን በዓይን የማትታይ አንዲት ሴል ነገሩ በተፈጥሮ እንደሚቻል አሳይታናለች።