የሌሊት ወፍ በጨለማ ምግቧን እንዴት እንደምታገኝ

የሐረር ከተማ በጀጎል ግንብ የተከበበች መሆኗንና ለግንቡም አምስት የጥንት በሮች እንዳሉት የታወቀ ነው። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር እንዳሠሩት ይነገራል። በአሚሮች ዘመን በሮቹ ሲመሽ ይዘጉ ስለ ነበር፥ ሰው በሌሊት መግባትና መውጣት አይችልም ነበር። ለጅብ ግን በግንቡ ሥር ቀዳዳ ተትቶለት፥ እየገባ ጥራጊውን ሲለቅም ያድር ነበር። ስለዚህ የሐረር ጅብ ስሙ በውጭ አገር ሳይቀር ተሰማ። ከጅቡ ራስ በላይ ግን በር የማያግዳት ሌላ የሌሊት ሠራተኛ ነበረች፥ ዛሬም አለች፤ ሥራዋን ልብ የሚል ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህችውም የሌሊት ወፍ ናት።

የሌሊት ወፍ ፀሐይ ስትጠልቅ ከግንብ ስንጥቅና ከአሮጌ ቤት ጣራ ሥር ትወጣለች። በጠባብ የድንጋይ መተላለፊያ ውስጥ በፍጥነት ስትበር ከግድግዳው አትጋጭም፥ ከጓደኛዋም ጋር አትላተምም፤ በዚያም ላይ በዓይን ለማየት የምታስቸግረውን ትንኝ እየበረረች ትይዛለች። ምክንያቱን ያልመረመረ ሰው ይህን አይቶ፥ አንዱ «ዕውር ናት» ይላታል፤ ሌላው «የክፉ ነገር ምልክት ናት» ብሎ በድንጋይ ይወግራታል፥ በጢስም ያፍናታል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

አስቀድሞ ስለ አፈጣጠሯ ይነገር። የሌሊት ወፍ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከሚበርሩት ጋር ተቈጥራለች፤ የሚበርረው ሁሉ በአንድነት የተነገረበት ስፍራ ነውና። በተፈጥሮ ጠባይዋ ግን ላባ የላትም፥ ዕንቁላል አትጥልም፤ ልጇን ወልዳ ጡት ታጠባለች። ክንፏም እጇ ነው፤ ረጃጅም በሆኑት አራት ጣቶቿ መካከል ስስ ቆዳ ተወጥሮ ክንፍ ሆነላት። በኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 የሚበልጥ ዓይነት የሌሊት ወፍ ይገኛል። ዓይን የሌላት አንዲት እንኳ የለችም። ነገር ግን ነፍሳትን የምታድነው በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነው።

ይህን ለማስተዋል የገደል ማሚቶን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እረኛ በገደል ፊት ቆሞ ቢጣራ ድምፁ ተመልሶ ይሰማዋል። የሚመልስለት ከገደሉ ውስጥ የተቀመጠ መንፈስ አይደለም፤ የገዛ ድምፁ ከድንጋዩ ጋር ተጋጭቶ መመለሱ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ጩኸቱ በአንድ ሰኮንድ ደርሶ ቢመለስ ገደሉ 170 ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው። ዕውር ሰውም በጠባብ መንገድ ሲሄድ በበትሩ መሬቱን እየመታ፥ ግድግዳው ወዴት እንደ ሆነና በሩ የት እንደ ተከፈተ በድምፁ ይለያል። የሌሊት ወፍም ጥበብ ይኸው ነው፤ ነገር ግን እጅግ የረቀቀ ነው።

ይህ ነገር የታወቀው በብዙ ድካም ነው። እስፓላንዛኒ የሚባል የኢጣልያ ቄስና የተፈጥሮ መርማሪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1793 ዓ.ም. ጉጉትንና የሌሊት ወፍን ፍጹም ጨለማ በሆነ ቤት ውስጥ ለቀቃቸው። ጉጉቷ ከግድግዳው ተጋጨች፤ የሌሊት ወፏ ግን እንደ ልቧ በረረች። ዓይኗ የጠፋውም የሌሊት ወፍ እንኳ በደኅና በረረች። በ1794 ዓ.ም. ዡሪን የተባለ የጄኔቭ ሐኪም ጆሮዋን በደፈነው ጊዜ ግን ካገኘችው ነገር ሁሉ ጋር ተላተመች። ነገር ግን ሰው ስትበር ምንም ድምፅ አይሰማባትምና ብዙዎች ነገሩን አላመኑበትም። ከ140 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሐርቫርድ ግሪፊን የተባለ ተማሪ ለሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ የሚይዝ መሣሪያ ወደ የሌሊት ወፎች ቢያቀርበው፥ ዝም ያሉ የመሰሉት ሁሉ ሲጮኹ ተገኙ።

ድምፃቸው የማይሰማው ስለ ቅጥነቱ ነው። የሰው ጆሮ በሰኮንድ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን ድምፅ አይሰማም፤ የሌሊት ወፍ ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያልፋል፥ ከ100 ሺህም የሚበልጥበት ጊዜ አለ። የዐራራይ ዜማ የቱን ያህል ቢቀጥን ከዚህ ጋር አይተካከልም። ቅጥነቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ታላቅ የሐይቅ ማዕበል ቀጭኗን ሸምበቆ አልፏት ይሄዳል፤ ትንሿ ሞገድ ግን ነክታት ትመለሳለች። እንደዚሁም ወፍራም ድምፅ ትንኝን አልፎ ይሄዳል፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን ከእርሷ ላይ ነጥሮ ይመለሳል።

አደኗም በየደረጃው ነው። ስትፈልግ በሰኮንድ አሥር ጊዜ ያህል ትጮኻለች። ከአንድ ነገር የተመለሰ ድምፅ በሰማች ጊዜ ወደዚያ ታቀናለች። ድምፁ ፈጥኖ ቢመለስ ነገሩ ቅርብ ነው፥ ቢዘገይ ሩቅ ነው። ከሁለቱ ጆሮዎቿ በአንደኛው አስቀድሞና በርትቶ ቢሰማ በዚያ ወገን ነው። እየቀረበች በሄደች መጠን ጩኸቷን ታፋጥነዋለች፤ ልትይዝ ስትል በሰኮንድ ከ150 ጊዜ በላይ ይደርሳል። ከዚህ በኋላ በክንፏ ወይም በጅራቷ ቆዳ ጠልፋ ወደ አፏ ታደርሳለች። አፍንጫዋ የፈረስ ኮቴ የሚመስለው ዓይነት ደግሞ ድምፁን በአፍንጫዋ ታወጣለች፤ የእሳት ራትም ክንፏን ስታራግብ ተመላሹ ድምፅ ሲለዋወጥ ሰምታ፥ ሕይወት ያለውን ከቅጠል ትለያለች። የእሳት ራትም ብትሆን ፈጽማ መከላከያ የሌላት አይደለችም፤ አንዳንዷ ይህን ድምፅ የምትሰማበት ጆሮ ስላላት በሰማች ጊዜ ወደ መሬት ተወርውራ ታመልጣለች።

ፍሬ የሚበሉት ታላላቆቹ የሌሊት ወፎች ግን በዓይናቸውና በሽታ ይመራሉ፤ ከእነርሱም አንደኛው ዓይነት በዋሻ ጨለማ ውስጥ ምላሱን እያጮኸ መንገዱን ይለያል። እነዚህ የሾላውን ዘር ወደ ሩቅ ወስደው ይበትናሉ።

ለገበሬው የሚገኘው ጥቅም እንግዲህ ግልጥ ነው። ማሽላውን የሚያጠፋው ተምችና አገዳውን የሚቦረቡረው ትል የሚፈለፈሉት በሌሊት የምትበር የእሳት ራት ከምትጥለው ዕንቁላል ነው፤ አንዲቱም በመቶ የሚቈጠር ዕንቁላል ትጥላለች። የሌሊት ወፍ አንዲቱን ሳትጥል በፊት ብትበላት ያን ሁሉ ትል ከእርሻው አስቀረች ማለት ነው። ብዙው ዓይነት በዓመት አንድ ልጅ ብቻ ስለሚወልድ፥ በጢስ ያለቀው መንጋ ቶሎ አይተካም። ስለዚህ አሮጌ ግንብ ወይም ጣራ የሚያድስ ሰው ቀዳዳውን ከመድፈኑ በፊት ውስጡን ይመልከት፤ መብረር ያልቻለች ልጅ ብትኖር በውስጥ ታልቃለችና እስክታድግ ይታገሥ።

መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ በቀላል ነገር ሊያሳይ ይችላል። ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ «ሽ» እያለ ሳያቋርጥ ይተንፍስ፤ ሌላውም ሰፊ ገበታ ወይም ሰሌዳ ወደ ፊቱ ያቅርብለት፥ ያርቅለትም። ድምፁ ሲለወጥ ሰምቶ፥ ሳያይ መቅረቡንና መራቁን ይናገራል።

ነገር ግን መጠንቀቅ ይገባል። የሌሊት ወፍ የእብድ ውሻ በሽታንና ሌላም ደዌ ልታስተላልፍ ትችላለችና ሕፃናት በእጃቸው አይንኳት፤ የወደቀችውንም አያንሡ። የተነከሰ ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ቢያንስ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ። እርሷን መጠንቀቅና እርሷን ማጥፋት ግን አንድ አይደለም። ሽማግሌዎች ልጆቹ ድንጋይ ሲያነሡ ባዩ ጊዜ፥ በዚያች ምሽት ማሽላቸውን የምትጠብቅላቸው ማን እንደ ሆነች ይንገሯቸው።