ያውቁ ኖሯል? ከባሕር አረም የተሠራ ከረጢትና የስኳር በሽታ

ያውቁ ኖሯል? ኢንሱሊን የሚያመነጩት ሴሎች ቆሽታችን ውስጥ በጥቃቅን ደሴቶች ተሰባስበው ይኖራሉ። ደሴቶቹ አንድ ሚሊዮን ገደማ ይደርሳሉ፤ ሁሉም ተደምረው ግን ከቆሽቱ ክብደት 1 ወይም 2 በመቶ ቢሆኑ ነው። በ1869 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መጀመሪያ የገለጻቸው ጀርመናዊው የሕክምና ተማሪ ፓውል ላንገርሃንስ ሥራቸው ምን እንደሆነ አላወቀም ነበር።

ኢንሱሊን ከመገኘቱ 28 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1893፣ የእንግሊዝ ብሪስቶል ሐኪሞች የበግ ቆሽት ቆራርጠው የስኳር በሽታ ባለበት የ15 ዓመት ልጅ ቆዳ ሥር ቀብረው ነበር። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

በ2000 ካናዳ፣ ኤድመንተን ውስጥ የጄምስ ሻፒሮ ቡድን ከሟች ለጋሾች የተወሰዱ ደሴቶችን ወደ ጉበት በሚገባ ደም ሥር አፍስሶ 7 ሕሙማንን ከኢንሱሊን መርፌ አሳርፏል። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ መርፌውን ያቆመ ሰው የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት እየዋጠ መኖር ነበረበት።

ታዲያ ሴሎቹን ከመከላከያው መሸሸግ አይቻልም? በ1980 ፍራንክሊን ሊምና አንቶኒ ሰን ሞክረውታል። ዘዴያቸው ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣውን አልጂኔት (አይስክሬም ማወፈሪያም ነው!) ከሴሎቹ ጋር ቀላቅለው ካልሲየም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ማንጠባጠብ ነው፤ ጠብታው ወዲያው ይረጋል፣ ሴሎቹም ውስጡ ይቀራሉ። ላዩን ሌላ ስስ ሽፋን አልብሰው ከረጢት አደረጉት። ግድግዳው እንደ ወንፊት ነው፤ ስኳርና ኦክስጅን ይገባሉ፣ ኢንሱሊን ይወጣል፣ ከኢንሱሊን 25 ጊዜ ያህል የሚከብደው ፀረ እንግዳ አካል ግን ውጭ ይቀራል። ከረጢቱ የተተከለላቸው አይጦች ስኳር ከ2 እስከ 3 ሳምንታት ተስተካከለ።

በ1994 ይህ ከረጢት ሰው ላይ መሞከሩን ያስታወቁት ፓትሪክ ሱን ሺዮንግ ኋላ የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ባለቤት ሆኑ። ታካሚው መርፌ እስከ ማቆም ደርሷል። ግን ቀድሞ ኩላሊት ተተክሎለት መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ይወስድ ነበር፤ ስለዚህ ከረጢቱ ብቻውን ምን እንደሠራ ከዚህ መለየት ይቸግራል።

ሴሎቹን ከአሳማ መውሰድስ? በኒውዚላንድ ኦክላንድ ደሴቶች ከሌላው ዓለም ተነጥለው የኖሩ አሳማዎች ከብዙ ቫይረስ ነፃ ሆነው በመገኘታቸው ለሴል ምንጭነት ተመርጠዋል። በዚያው አገር አንድ ሰው ሆድ ውስጥ በከረጢት የተቀመጡ የአሳማ ሴሎች ከ9 ዓመት ተኩል በኋላ በሕይወት ያሉ ተገኝተዋል።

የተመራማሪዎችን ቆሽት ሲያሳርር የኖረው ሌላ ነገር ነው፦ ጠባሳ። ሰውነት ባዕዱን ከረጢት በጠባሳ ይጠቀልለዋል። ውስጡ ደም ሥር ስለሌለ ሴሎቹ የሚተነፍሱት በግድግዳው በኩል ብቻ ነው፤ ጠባሳው ሲወፍር ታፍነው ይሞታሉ። ስለዚህ ከረጢቱ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ተብሎ ሲታመን ነበር። በ2015 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳዩት ግን 1.5 ሚሊ ሜትር የሆኑት ከግማሽ ሚሊ ሜትሮቹ ያነሰ ጠባሳ እንደሚይዙ ነው! በቀጣዩ ዓመት፣ ኬሚካዊ ለውጥ በተደረገበት አልጂኔት የተሸፈኑ የሰው ሴሎች የአይጦችን ስኳር ለ174 ቀናት ተቆጣጠሩ።

በ2025 በወጣ ውጤት፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ኩባንያ ቨርቴክስ ከስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ከሚችል ሴል) ያሳደጋቸው ደሴቶች ያለ ሽፋን፣ ከመከላከያ ማዳከሚያ ጋር ከተሰጧቸው 12 ሰዎች 10ሩ በዓመቱ ያለ ኢንሱሊን መርፌ ይኖሩ ነበር። ኩባንያው እነዚያኑ ሴሎች በመከለያ ውስጥ አድርጎ የሞከረውን ግን በዚያው ዓመት አቋረጠው፤ የሚወጣው ኢንሱሊን አልበቃም።